መውጫውን ሳናይ አንግባ
ስለ ዕድራችን ገንዘብና በስልክ ስለሚቀመጠው ዶላር



እንደምታስታውሱት ባለፈው የወሩ መጨረሻ እሑድ በተደረገው ስብሰባ ላይ አንድ አዲስ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡን ያቀረቡት ወጣት አባሎቻችን ናቸው። የዕድራችን ተቀማጭ ገንዘብ ባንክ እንደተኛ ዋጋው እየወረደ ስለሄደ፣ ግማሹን አውጥተን ዩኤስዲቲ ወደሚባለው የዲጂታል ገንዘብ እንቀይረው፤ በስልክ ይቀመጥ፤ ባስፈለገን ጊዜ መልሰን ወደ ብር እንለውጠዋለን የሚል ነው። በዚያን ዕለት ሙቀቱም በርትቶ ሰዓቱም ሄዶ ስለነበር ነገሩ ሳይቋጭ ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።

ሰው ግን መነጋገሩን አላቋረጠም። ከገበያው እስከ ባሮ ድልድይ፣ ከቡና ቤቱ እስከ ባጃጅ ተራው ወሬው ይኸው ሆኗል። አንዱ «ልጆቹ አውቀዋል፣ እኛ ነን የቀረነው» ይላል። ሌላው «የሙት ገንዘብ በቁማር!» ብሎ ይቆጣል። እኛም የዚህ ሰሌዳ አዘጋጆች እጅ ከመውጣቱ በፊት ነገሩ በእርጋታ ቢታይ ይበጃል በማለት ያለንን አስተያየት እንደሚከተለው አቅርበናል።

በመጀመሪያ እውነቱን እንናገር። ልጆቹ ያነሡት ችግር ውሸት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲወሰን፣ እስከዚያ ቀን በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በዚያው ዕለት ከ74 ብር በላይ ሆነ። ሳምንታት ሳይቆጠሩም 100 ብርን አለፈ። ከዚያ ወዲህም ወደ ኋላ አልተመለሰም። ቀድሞ በዕድሩ ገንዘብ ሁለት ድንኳን እንገዛለን ስንል የነበርን ሰዎች ዛሬ አንዱን ለመግዛት እንቸገራለን። ከድንበር ማዶ ያሉት ወገኖቻችንም ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቁታል። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ እ.ኤ.አ. እስከ 2015 ማብቂያ ድረስ በመንግሥት ዋጋ ሦስት ያህሉ በአንድ ዶላር ይመነዘር ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ዋጋው ሲለቀቅ በአንድ ጊዜ ከአሥራ ስምንት በላይ ሆነ። ዛሬ በሺህ ነው የሚቆጠረው። ታዲያ ገንዘቡ እጁ ላይ ሲቀልጥ የሚያይ ሰው መሸሸጊያ ቢፈልግ ምን ይፈረድበታል? ስለዚህ ሐሳቡን ያመጡትን ልጆች «ቀበጦች» ብሎ ማለፍ አይገባም። ለማኅበሩ አስበው ነው የተናገሩት።

ነገር ግን ችግሩን በትክክል ማየት አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱን በትክክል ማግኘት ደግሞ ሌላ። የእኛ አስተያየት በአጭሩ ይህ ነው። ቁጠባ ማለት የገባ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በተፈለገበት ሰዓት የሚወጣ ገንዘብ ነው። ዕድር ደግሞ ከማንም በላይ ይህን ይፈልጋል። ሞት በቀጠሮ አይመጣም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ለቅሶ ከተሰማ፣ ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ድንኳን ተተክሎ፣ ሣጥን ተገዝቶ፣ ውሃ ተቀድቶ፣ ቡናና ንፍሮ መቅረብ አለበት። በዚያች ሌሊት የማይወጣ ገንዘብ፣ ስሙ ዶላርም ይሁን ወርቅ፣ ለዕድር ገንዘብ አይደለም።

ነገሩን ለማያውቁት አባቶችና እናቶች ስለዚህ ገንዘብ ምንነት ጥቂት ብንገልጽ መልካም ነው። የመጀመሪያውና ስመ ጥሩው ቢትኮይን እ.ኤ.አ. በ2009 ተጀመረ። ጀማሪው ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የጻፈ፣ ማንነቱ እስከ ዛሬ በውል ያልታወቀ ሰው ነው። የማንም መንግሥት ማኅተም የለበትም። በዓለም ዙሪያ ባሉ ኮምፒዩተሮች ላይ በሚጻፍ የጋራ መዝገብ ይመራል፤ ብዛቱም ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ ተወስኗል። ዋጋው ግን እንደ ባሮ ውሃ ይሞላል፣ ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 አንዱ ከ68 ሺህ ዶላር በላይ ደርሶ፣ በዓመቱ ከ17 ሺህ በታች ወርዷል። ልጆቻችን ይህንን አይደለም ያቀረቡት፤ ብልሆች ናቸው። ያቀረቡት ቴተር የተባለ ኩባንያ የሚያወጣውን፣ አንዱ ከአንድ የአሜሪካ ዶላር ጋር እኩል ሆኖ እንዲቆይ የተባለለትን ዩኤስዲቲን ነው። እርግጥ እስካሁን በአመዛኙ በዚያው ዋጋ ቆይቷል። ቢሆንም «አንድ ለአንድ ነው» ተብሎ የነበረ ቴራ የሚባል ሌላ ሳንቲም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ ሳንቲሞች ወርዶ የብዙ አገር ሰው ቁጠባ ይዞ ጠፍቷል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኤፍቲኤክስ የተባለው ትልቅ የመገበያያ ድርጅት ሲወድቅ፣ ገንዘባቸውን በእሱ ዘንድ ያስቀመጡ ሰዎች ማውጣት አቃታቸው። መሥራቹ ሳም ባንክማን ፍሪድ እ.ኤ.አ. በ2024 የ25 ዓመት እሥራት ተፈርዶበታል። መግባቱ ለሁሉም ቀላል ነበር፤ ጭንቁ በመውጫው ላይ መጣ።

ይህች ከተማችን የመውጫን ነገር ከማንም ቀድማ የተማረች ናት። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። የጎሬና የሳዮ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ወርዶ፣ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 የተቋቋመው የአቢሲኒያ ባንክ እንኳ በጎሬ ቅርንጫፍ፣ እዚህ በጋምቤላ ወኪል ነበረው። ባንኩ ወረቀት ገንዘብ ቢያወጣም ሕዝቡ ግን የማርያ ቴሬዛውን ጠገራ ብር ይመርጥ ነበር። ለምን ቢባል፣ ጠገራውን የትም ገበያ ይዞ ቢሄድ የሚቀበለው አያጣም። ወረቀቱን ግን ማን ይቀበለኛል ብሎ ይሰጋል። ይህ የአለማወቅ ነገር አልነበረም፤ የመውጫን ነገር ማስላት ነበር።

መርከቡም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ አይመጣም ነበር። የሚመጣው ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ነበር። በበጋ መቶ ጆንያ ቡና ይዞ ባሮ ዳር የተቀመጠ ነጋዴ ሀብታም ነው ይባል ይሆናል፤ ግን ልጁ ቢታመምበት ቡናውን ማን ይገዛዋል? የሚገዛው ቢገኝም የሰውየውን ጭንቀት ያየ፣ በግማሽ ዋጋ የሚጠይቅ ነው። ወንዙ ሲጎድል ሀብት በሩ ይዘጋል።

ከዚያም በፊት በዚህ ምድር ሰው ቁጠባውን ያስቀመጠው በወረቀት አልነበረም። ኑዌሩ በከብት፣ አኝዋው ድሙይ በሚባለው ጨሌ ሀብቱን ይዞ፣ ጥሎሹን ከፍሎ፣ ዝምድናውን አጽንቶ ኖሯል። ከብትም ሆነ ድሙይ ዋጋ የነበረው በዙሪያው ያለው ሁሉ ስለሚያውቀውና ስለሚቀበለው ነው። ሽማግሌ ይመሰክርበታል፤ ጠብ ቢነሣ ዳኛ አለው። ከብት ያለው ሰው ግን ሌላም ነገር ያውቃል። ድርቅ የመጣ ጊዜ ሁሉም ከብቱን በአንድ ቀን ወደ ገበያ ያወጣል፤ ዋጋውም በዚያው ቀን ይወድቃል። አያቶቻችን ያለ ትምህርት ቤት የሚያውቁትን ይህን ሕግ እኛ ስልክ ስለያዝን አንርሳው። ሁሉም ሊሸጥ በሮጠ ቀን የሚገዛ ጠፊ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው እንመለስ። ዩኤስዲቲን ወደ ብር መለወጥ በተግባር እንዴት ነው የሚሠራው? በአገራችን ይህን ገንዘብ ወስዶ በመስኮት በኩል ብር የሚሰጥ፣ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ የሰጠው ቤት የለም። ስለዚህ ለውጡ ከሰው ለሰው ነው። ሻጩ እንደ ባይናንስ ባሉ የውጭ አገር መገበያያዎች ላይ «ይህን ያህል አለኝ፣ በዚህ ዋጋ እሸጣለሁ» ብሎ ያስታውቃል። አንድ የማያውቀው ገዥ ይመጣል። መገበያያው የሻጩን ሳንቲም በመያዣ ያቆያል። ገዥው በባንክ ወይም በቴሌብር ብሩን ይልካል። ሻጩ «ደርሶኛል» ብሎ ሲጫን ሳንቲሙ ይለቀቃል። ሲነገር ቀላል ነው፤ ደህና የሚያልቅበትም ጊዜ አለ። አደጋው ግን በሁለቱ ገንዘቦች ጠባይ ላይ ነው። ሳንቲሙ አንዴ ከሄደ አይመለስም። ብሩ ግን ከመጣም በኋላ ሊታገድ ይችላል። በአንድ ሚዛን ላይ የተቀመጡ ሁለት ነገሮች አይደሉም።

ይህን የምንለው ከሩቅ ሰምተን አይደለም። የሰፈራችን ልጅ የሆነ፣ በስልኩና በኮምፒዩተሩ ለውጭ አገር ሰው ሥራ የሚሠራ አንድ ወጣት ድካሙን በዩኤስዲቲ እየተከፈለው አንድ ዓመት ያህል አጠራቅሞ ነበር። ይህን እንድንጽፍ እሱም እናቱም ፈቅደውልናል፤ ስማቸውን ግን አንጠቅስም። ልጁ አላጠፋም፤ አልጠጣበትም፤ ለቤት መሥሪያ ነበር ያሰበው። እናቱ በድንገት ታመው ወደ ጅማ ሄደው እንዲታከሙ ተነገራቸው። ልጁ በዚያው ማታ ከቁጠባው ግማሹን ሸጠ። ብሩም ወደ ባንክ ሒሳቡ ገባ። ገንዘቡን የላከው ሰው ስም ግን ከገዥው ስም ጋር አንድ አልነበረም። «የወንድሜ ሒሳብ ነው» ተባለ፤ ልጁም የቸኮለ ስለነበር አለፈው። በሦስተኛው ቀን ሒሳቡ ታገደ። ለካስ ብሩ በሌላ ከተማ ከአንድ ሰው ተጭበርብሮ የተወሰደ ኖሯል። ባለቤቱ አመልክቶ፣ ገንዘቡ የሄደበት ሒሳብ ሁሉ ተይዟል።

እንግዲህ አስቡት። ሳንቲሙ ሄዷል። ብሩ ታግዷል። ልጁም ራሱ የተበደለ ሆኖ ሳለ እንደ ተጠርጣሪ ቃል ስጥ ተባለ። ለማን ይክሰስ? ገዥው የት እንዳለ አይታወቅም። «ምን ሸጠህ ነው?» ሲባል የሚመልሰው መልስ ራሱ ያስፈራዋል። እናቱን ጅማ ያደረሳቸው የጎረቤት መዋጮ ነው። ብዙዎቻችሁ በዚያ ሳምንት መዝገብ ላይ ፈርማችኋል፤ ገንዘቡ ለምን እንደጎደለ ግን አልተነገራችሁም ነበር። ልጁ በስብሰባው ላይ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠው ለዚህ ነው። በኋላ ቤቱ ሄደን ስናነጋግረው «ስገባ ሁሉም አስተማሪ ነበር፤ ስወጣ ግን ብቻዬን ነኝ» አለን። ከዚህ የበለጠ ምን እንጨምራለን?

ሌሎቹም የማታለያ መንገዶች በአጭሩ ቢነገሩ ይጠቅማል። የተላከ የሚያስመስል የሐሰት መልእክትና ደረሰኝ አዘጋጅቶ በስልክ ማሳየት አለ። «ቶሎ ልቀቅልኝ፣ ኔትወርክ ነው ያዘገየው» ብሎ ማጣደፍ አለ። ኔትወርክ ደግሞ በከተማችን ሲጠፋ ምን ያህል እንደሚቆይ እናንተው ታውቃላችሁ። በአካል ተገናኝተን በጥሬ ብር እንለዋወጥ ብሎ ጨለማ ቦታ መቅጠር አለ። ሳንቲሙን ሲልኩ በተሳሳተ መስመር ወይም በተሳሳተ አድራሻ መላክም አለ። ይህንን የሚያርም የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የለም።

እዚህ ላይ ባንኮቻችን እንከን የላቸውም ለማለት አይደለም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የአሠራር ሥርዓት ላይ በደረሰ ችግር፣ በአንድ ሌሊት ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለ አግባብ መውጣቱና መተላለፉ ይታወሳል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ባንኩ ማን እንደወሰደ ያውቅ ነበር፤ መልሱ ብሎ አስታወቀ፤ አብዛኛው ገንዘብም ተመለሰ። ባለቤት ያለው ስሕተት መልስ አለው። ባለቤት የሌለው ስሕተት ግን የሚጠየቅበት ደጃፍ የለውም።

ለዕድራችን ሲሆን ደግሞ የባሰ ነገር አለ። የዕድሩ የባንክ ሒሳብ የሚንቀሳቀሰው በሊቀ መንበሩ፣ በጸሐፊውና በገንዘብ ያዡ ፊርማ ነው። አንዱ ቢሞት፣ ቢሰደድ ወይም ቢታመም ቃለ ጉባኤ ይዘን ሄደን ሌላ እንተካለን። የዲጂታል ገንዘብ ቁልፍ ግን አሥራ ሁለት ወይም ሃያ አራት ቃላት ናቸው። እነዚያን ቃላት የያዘ ሰው የገንዘቡ ጌታ ነው፤ የጠፉበት ሰው ደግሞ የለውም። ስልኩ ባሮ ቢገባ፣ ወረቀቱን አይጥ ቢበላው፣ ቃላቱን የሚያውቀው ሰው በድንገት ቢያርፍ ገንዘቡ ከእርሱ ጋር ተቀበረ ማለት ነው። ሁለትና ሦስት ቁልፍ የሚጠይቅ አሠራር እንዳለ ልጆቹ ነግረውናል፤ እውነትም አለ። ግን ከመቶ አባላት ውስጥ ይህን የሚቆጣጠሩት ስንት ናቸው? አባሉ ሊያየውና ሊጠይቅበት የማይችለው ሒሳብ የጋራ ሒሳብ አይሆንም። የተማሩትም ሐቀኞች ቢሆኑ እንኳ ሐሜት አይቀርላቸውም። ሐሜት የገባበት ዕድር ደግሞ ዕድሜ የለውም።

ስለ ሕጉም እንናገር። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን ገልጾ፣ በቢትኮይንና በመሰል የዲጂታል ገንዘቦች የሚደረግ ግብይት ሕገ ወጥ ስለሆነ ኅብረተሰቡ እንዲቆጠብና ሲያይም እንዲጠቁም አሳስቧል። ማኅበራችን የታወቀ ማኅበር ነው። ባንኮችን የሚቆጣጠረው አካል አታድርጉ ያለውን ነገር በቃለ ጉባኤ ወስነን ብናደርግ፣ ገንዘባችን በጠፋ ቀን አቤት የምንልበት አፍ አይኖረንም።

ሆኖም ዝም ብለን «ሕግ ነው» ብለን ብናልፍ ለልጆቻችን እውነቱን አልነገርናቸውም። እነሱ የሚያነሡት ጥያቄ አለና። ከመግለጫው ጥቂት ወራት በኋላ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም.፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በዚህ ዘርፍ የተሰማሩ ሰዎችና ድርጅቶች ቀርበው እንዲመዘገቡ አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሃያ አንድ ያህል የቢትኮይን አምራች ድርጅቶች፣ አብዛኞቹ የቻይና፣ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር የኃይል ግዥ ውል እንደነበራቸው ተዘግቧል። ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ማለትም በአገራችን ወንዝ ኃይል ቢትኮይን ይመረታል፤ ለውጭ ድርጅት በሩ ተከፍቶ ነበር፤ ላቡን አንጠፍጥፎ በዚሁ ዓይነት ገንዘብ የተከፈለው የሰፈራችን ልጅ ግን ወደ ብር የሚለውጥበት ሕጋዊ መስኮት የለውም። ይህ ቅር ያሰኛል ብሎ መናገር ነውር አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2025 ይህን ንግድ በፈቃድና በቁጥጥር የሚያስኬድ ሕግ አውጥታለች። በእኛም ዘንድ የሚመለከታቸው ሁሉ ወይ መስኮቱን ከፍተው ይቆጣጠሩት፣ ወይ ለሁሉም እኩል ይዝጉት እንላለን። አሁን ባለበት ሁኔታ ግን የሚጠቀመው ጨለማ ውስጥ የቆመው አጭበርባሪ ብቻ ነው። ሕጋዊ ደጃፍ በሌለበት የተበደለ ሰው ጩኸቱን ዋጥ አድርጎ ይቀራል።

በውጭ አገር ስላሉት ወገኖቻችንም አንድ ቃል። በሚኒሶታም፣ በነብራስካም፣ በአውስትራሊያም የጋምቤላ ልጆች አሉ፤ ብዙ ቤት ጢሱ የሚወጣው በእነሱ ነው። አንዳንዶቹ ለአገልግሎት የሚከፈለውን ለማዳንና በተሻለ ዋጋ ለመመንዘር በማሰብ ዩኤስዲቲ መላክ ጀምረዋል። በፊት በባንኩና በጥቁር ገበያው ዋጋ መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነት ይህን ያባብል ነበር። ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ ግን ባንኮች በገበያ ዋጋ ስለሚመነዝሩ ልዩነቱ ቀድሞ እንደነበረው አይደለም። ለዚያች ትርፍ ብሎ የአንዲት እናት የወር ቀለብ በማያውቁት ሰው ቅንነት ላይ መጣል አይገባም። በባንክ ወይም በታወቀ የሐዋላ ድርጅት የተላከ ገንዘብ ቢዘገይም ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን ይዘው ሄደው ይጠይቁበታል።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ስብሰባ የምናቀርበው አስተያየት የሚከተለው ነው።

1ኛ/ የዕድሩና የማኅበሩ ገንዘብ በከፊልም ሆነ በሙሉ ወደ ዲጂታል ገንዘብ እንዳይለወጥ፤ ዕቁብ የሚጥሉም ሰብሳቢያቸው ይህን እንዳያደርግ ከወዲሁ እንዲነጋገሩ።

2ኛ/ ልጆቹ ያነሡት የዋጋ መውረድ ግን መልስ ይሻል። ለስድስት ወር ለቅሶ የሚበቃውን ያህል በባንክ አስቀርተን፣ በቀረው ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ሰሐን እንግዛ። ዕቃ እንደ ብር አይሟሽሽም። ለሠርግና ለስብሰባ እየተከራየም ገቢ ያመጣል። ማታ ለቅሶ ቢሰማ ከመጋዘን ማውጣት ነው፤ ገዥ አይፈለግም።

3ኛ/ በግሉ በዚህ ገንዘብ የተከፈለ ወይም ያጠራቀመ ሰው ካለ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ሕጉን ግን ይወቅ። የነገ ሕክምናውን፣ የልጁን ትምህርትና የቤት ኪራዩን በዚያ ላይ አያንጠልጥል። ቁልፉ የት እንዳለ ቢያንስ አንድ የሚያምነው የቤተሰቡ ሰው ይወቅ።

4ኛ/ ማንም ሰው የባንክ ሒሳቡን ወይም የቴሌብር ቁጥሩን «ለአንድ ቀን ብቻ» ተብሎ ለሌላ ሰው ገንዘብ ማስገቢያ እንዳይሰጥ። በተለይ ተማሪዎች በጥቂት መቶ ብር እየተታለሉ ስለሆነ ወላጆች ይንገሯቸው። የሒሳቡ ባለቤት ነው የሚጠየቀው።

5ኛ/ የተጭበረበረ ሰው እንዳይደብቅ። አፍሮ የተቀመጠ ሰው ሌላውን ያስበላል። ወደ ባንኩና ወደ ፖሊስ ቶሎ የቀረበ ሰው ብሩ ከመውጣቱ በፊት የሚያዝበት ዕድል አለው።

6ኛ/ ሐሳቡን ያቀረቡት ወጣቶች የዕድሩን መዝገብ በኮምፒዩተር እንዲያዘጋጁና የሒሳብ ኮሚቴው ውስጥ ሁለት ወጣቶች እንዲገቡ። ዕውቀታቸው እንዲጠቅመን እንጂ ሐሳባቸው ስለተነቀፈ ከደጃፍ እንዲቀሩ አንፈልግም።

በነገራችን ላይ፣ ሐምስተር ኮምባት የተባለውን የስልክ ጨዋታ ታስታውሱ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በየደጁ ወጣቱ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ስልክ ይነካ ነበር። «መስከረም ላይ ገንዘብ ይሆናል» ይባል ነበር። መስከረም 2017 ደረሰ፤ የአንዱ ሳንቲም ዋጋ የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ገደማ ሆኖ ወጣ። ወራት የደከሙበት ብዙዎች ያገኙት ያሰቡትን አይደለም። ያን ጊዜ የጠፋው ጊዜ ብቻ ስለነበር ተስቆ ታለፈ። የዕድር ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ግን ማን ይስቅ ነበር?

በመጨረሻ አንድ ነገር እንድታስቡልን እንጠይቃለን። ገንዘብ ሊጨመርበት ወይም ሊቀየር ሲታሰብ፣ ሁላችንም «ስንት ይሆናል?» ብለን መጠየቅ ለምደናል። ከዚያ በፊት «በማን በኩል፣ በስንት ሰዓት፣ በማን ስም ይወጣል?» ብለን እንጠይቅ። ያች የታመመች እናት የሚያስፈልጋት የተቀመጠው ገንዘብ አልነበረም፤ የሚወጣው ነበር። ጎረቤት የሚባለውም ያን ዕለት ነው የታየው። የሰፈራችን ትልቁ ቁጠባ ሌሊት በር ሲንኳኳ «ማነው?» ብሎ የሚከፍት ሰው ነው፤ ዕድራችንም የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

በዚህ አስተያየት የማትስማሙ አባላት ካላችሁ ሐሳባችሁን በጽሑፍ ወይም በቃል ለጸሐፊው እንድታደርሱና በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንዲወጣ እንጠይቃለን። ማንበብ ለማይችሉ አባቶችና እናቶችም የተማራችሁ ልጆች እንድታነቡላቸው፣ ወደ አኝዋኛና ወደ ኑዌርኛም እንድትተረጉሙላቸው በአክብሮት እናሳስባለን። በሚቀጥለው ስብሰባ ሁላችሁም እንዳትቀሩ።

የሰሌዳው አዘጋጆች
የሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር፣ ጋምቤላ